ከባንኮኒው ሥር የተጻፈ ቁጥር

ሰኞ፤ 1ኛ ቀን

ይህ ደብተር የእናቴ የልኬት ደብተር ነበር። የፊት ገጾቹ ላይ የሰው ትከሻ፣ ወገብና የክንድ ርዝመት ሰፍሯል፤ እኔ ከመሃሉ ጀመርኩ። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤታችን ውስጥ ቁጥር ያልተጻፈበት ወረቀት ማግኘት ከባድ ነው።

የሙከራ ጊዜዬ ዘጠና ቀን ነው። ከዚያ ወይ ቋሚ ደብዳቤ፣ ወይ «እናመሰግናለን»። የተቀጠርኩበት የመድን ድርጅት ነው፤ መደቤ «የወለልና የውስጥ ክፍሎች እንክብካቤ ባለሙያ» ይባላል። እናቴ ለጎረቤት «መሐንዲስ ሆነች» ብላለች። አላረምኳትም።

የደንበኞች አዳራሽ ወለል ከጠንካራ እንጨት የተሠራ ነው። ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል። ሠላሳ አንድ ዓመት የያዙት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ወንበር የሚጎትት ባዩ ቁጥር «ቀስ በሉ» ስለሚሉ ሠራተኛው ሁሉ ጋሽ ቀስበሉ ይላቸዋል። ሰላም ሲሉኝ ፊቴን ሳይሆን ጫማዬን አዩ።

«ተረከዝሽ እንደ ምስማር ነው፤ ነገ ሰፋ ያለ አድርገሽ ነይ ልጄ» አሉ። «አንቺ ቀላል ነሽ፤ ተረከዝሽ ግን ይከብዳል።»

ሐሙስ፤ 4ኛ ቀን

ጋሽ ቀስበሉ የወንበርና የጠረጴዛ እግር ሥር ወፍራም ጨርቅ እየቆረጡ ይለጥፋሉ። «ጫማ» ይሉታል። ዛሬ አርባ ሁለት ወንበር ጫማ አደረግን። መግቢያው ላይ ሁለት ምንጣፍ አለ፤ አንዱ አሸዋውን ያራግፋል፣ ሌላው ውሃውን ይመጥጣል። «ወለልን የሚገድለው አሸዋ ነው፤ የሚያሳብደው ውሃ ነው» አሉኝ።

አወላወላቸው ይገርማል። ጨርቁን ጨምቀው፣ ደግመው ጨምቀው፣ ጉንጫቸው ላይ ያስነኩታል። ጉንጫቸውን ካረጠበው እንደገና ይጨምቁታል። ትምህርት ቤት ይህን አላስተማሩንም። ወለሉ ላይ አንድም የውሃ ጠብታ ሲቀር አላየሁም።

ልለውጣቸው የማስባቸውን ነገሮች በዝርዝር ጽፌያለሁ። አሥራ ዘጠኝ ሆኑ።

ማክሰኞ፤ 9ኛ ቀን

ዝናቡ ሌሊቱን ሲጥል አደረ። የጣሪያው አሸንዳ በቅጠል ተደፍኖ ውሃው በግድግዳው ውስጥ ወርዶ ከወለሉ ሥር ገብቷል። ከላይ የሚታየው ጥቂት ነው። ሲረገጥ ግን ከሥሩ ድምፅ አለው።

ረቡዕ፤ 10ኛ ቀን

ቧንቧ ሠራተኛ መጣ። አሸንዳው ተጠረገ። መስኮት ከፈትን፣ ማራገቢያ አቆምን። ምሳ አልበላሁም። እንግዳ ተቀባይዋ «የሰውን ቤት ሁሉ ለዝናብ ዋስትና እንሰጣለን፤ የራሳችንን ማን ይስጠው?» አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ዓርብ፤ 12ኛ ቀን

ጣውላዎቹ እንደ ሳህን ሆኑ። ከሥር የጠጣው ውሃ ጠርዛቸውን አንሥቶ መሃላቸውን አጎድጉዶታል።

እኔ የእርጥበት መለኪያዬን አወጣሁ፤ ጋሽ ቀስበሉ የእንጨት ማስመሪያቸውን። ማስመሪያውን በአንዱ ጣውላ ላይ አግድም አስቀምጠው በመሃሉ ክፍተት የአድራሻ ካርድ ይሰካሉ፣ ሌላ ይጨምራሉ፣ ሌላ ይጨምራሉ። ሰባት ካርድ ገባ። ካርዶቹ የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ስም የታተመባቸው ናቸው፤ ሰውየው ሲለቁ ሁለት ፓኮ ተርፏል።

«እዚህ በነበሩ ጊዜ ለወለሉ ምንም አላደረጉም» አሉ ጋሽ ቀስበሉ። «አሁን እያገለገሉት ነው።»

ምን እናድርግ አልኳቸው።

«ምንም። እንጨት እንደገባበት ነው የሚወጣው። ሦስት ወር ስጪው፣ በራሱ ይተኛል።»

ሦስት ወር። የእኔ ሙከራ ጊዜ ስንት እንደሆነ የሚያውቁ አልመሰለኝም። ቀጥሎ ወገባቸውን ይዘው ከባንኮኒው ሥር ገቡ፤ ጀርባቸውን ሊያሳርፉ መሰለኝ።

ዓርብ፤ 19ኛ ቀን

ሰባት ካርድ። ምንም ለውጥ የለም። ሽማግሌው ደስ ብሏቸዋል። «አልባሰበትም» ይላሉ።

ዓርብ፤ 26ኛ ቀን

ስድስት። እንዲህ እየተጠበቀ ሰው ያረጃል። ከእኔ ጋር የተመረቀ ልጅ ደውሎ ቋሚ እንደሆነ ነገረኝ። እንኳን ደስ አለህ አልኩት፤ ሁለት ጊዜ።

ረቡዕ፤ 31ኛ ቀን

ሥራ አስኪያጇ ሁለታችንንም ጠሩን። የባለአክሲዮኖች ጉባኤ በ48ኛው ቀን እዚሁ አዳራሽ ነው። (እሳቸው በቀኑ ነው የጠሩት፤ የእኔን ቆጠራ አያውቁም።)

«ማዕበል በመሰለ ወለል ላይ ቆሜ ‹ድርጅታችን በጽኑ መሠረት ላይ ነው› ልበል?»

«ጉባኤውን ፎቅ ላይ ያድርጉት፤ ይኼ ሕመምተኛ ነው» አሉ ጋሽ ቀስበሉ።

«ምንጣፍ ቢነጠፍበትስ?»

«ይታፈናል። እርጥብ ነገር…»

«ተፍቆ መስተካከል ይችላል» አልኩ።

ሽማግሌው ገና አልጨረሱም ነበር። ሥራ አስኪያጇ ወደ እኔ ዞሩ። «ባለሙያዋ አንቺ ነሽ» አሉኝ። «እርጥበቱን ለኪና የሥራ ቅጹን ሞልተሽ አምጪ።»

ስንወጣ ጋሽ ቀስበሉ ደረጃው ላይ አንድ እርከን ቀድመውኝ ይወርዱ ነበር።

ሰኞ፤ 36ኛ ቀን

ለካሁ። መሃል 15 በመቶ። መስኮቱ ሥር 16። በሩ አጠገብ 13። ፎቅ ያለው ደረቁ ወለል 9።

ክፍል ውስጥ የተማርነው ከደረቁ ጋር ያለው ልዩነት ከአራት ከበለጠ አይፋቅም የሚል ነው። ከ13 ላይ 9 ሲቀነስ አራት። አራት ከአራት አይበልጥም።

ቅጹ ላይ ለቁጥር የተተወው ሣጥን አንድ ነው። በአንድ ሣጥን ሦስት ቁጥር አይጻፍም። 13 ጻፍኩ። በሩም ወለል ነው።

ማክሰኞ፤ 37ኛ ቀን

ተፈቀደ። በዝርዝሬ ላይ አንዱን ሰረዝኩ። አሥራ ስምንት ቀረ።

እሑድ፤ 42ኛ ቀን

ትናንትና ዛሬ ፋቅን። መፋቂያ ማሽኑን አብሮት የመጣው ኦፕሬተር ይነዳል፣ እኔ መስመሩን አሳያለሁ። የተነሣው ጠርዝ ሁሉ እየተላጨ ዱቄት ሆነ። ከአራት ዙር በኋላ ወለሉ እንደ መስተዋት ልሙጥ ሆነ። እጄን አስኬድኩበት፤ አንድም ቦታ አልያዘኝም። እንዲህ የሚያምር ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ጋሽ ቀስበሉ እሑድ ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅኩም። መጥተው ማሽኑ የማይደርስባቸውን ጥጎች በጉልበታቸው ተንበርክከው በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቁ ዋሉ።

«አልተስማሙበትም እኮ» አልኳቸው።

«ካጠፋን አይቀር አሳምረን እናጥፋ።»

እየቀለዱ ነው ብዬ ሳቅሁ። ቆየት ብለው ከዱቄቱ አንድ እፍኝ ዘግነው አዩት። «ይኼ ጣውላ ሦስት መፋቅ ቀርቶት ነበር» አሉ። «አሁን ሁለት ነው። ከእኔ በኋላ የሚመጣው ይወቀው።»

ነገ ቫርኒሽ።

ቅዳሜ፤ 48ኛ ቀን

ጉባኤው አለቀ። አንድ ባለአክሲዮን ጎንበስ ብለው ወለሉ ላይ ራሳቸውን እያዩ ከረባታቸውን አስተካከሉ። ሥራ አስኪያጇ ከመድረክ «ወጣቷ ባለሙያችን» ብለው አስነሡኝና ተጨበጨበ። ቆሜ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ጋሽ ቀስበሉ አዳራሹ ውስጥ አልነበሩም። በሩ ላይ ቆመው የሚገባውን ሰው ሁሉ ጃንጥላ እየተቀበሉ ነበር፤ ውሃው እንዳይንጠባጠብ።

እናቴ የጭብጨባውን ነገር ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ለቋሚነቴ ቀን የምለብሰውን ኮት ዛሬ ለካችኝ። ትከሻ 39።

ዓርብ፤ 61ኛ ቀን

ዝናቡ ካቆመ አምስት ቀኑ። ጠዋት ፀሐይ በጎን ስትገባ ወለሉ ላይ ቀጫጭን ጥላ ያየሁ መሰለኝ። ዓይኔን መታየት አለብኝ።

ሽማግሌው ዛሬም ማስመሪያቸውን ይዘው ነበር። ምን ይለካሉ? ለጥ ያለ ወለል አይለካም።

ዓርብ፤ 68ኛ ቀን

ዓይኔ ደህና ነው።

የጣውላው ሥር ሲደርቅ ጠርዞቹ ወደ ታች ወረዱ። ጠርዞቹን ግን ፍቄያቸዋለሁ፤ ስለዚህ ከመሃሉ ዝቅ አሉ። አሁን እያንዳንዱ ጣውላ እንደ ዓሣ ጀርባ ጎብጧል። ይህ በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ ሥዕል አለው። ፈተና ላይ መጥቶልኝ በትክክል መልሼዋለሁ።

እንግዳ ተቀባይዋ «ወንበሬ ይንገዳገዳል፤ እኔ ደግሞ ገና አልጠጣሁም» አለች።

ጋሽ ቀስበሉ አጠገቤ ቆሙ። አንድ ነገር እንዲሉኝ ፈልጌ ነበር። «ሻይ ጠጥተሻል?» አሉኝ።

ማክሰኞ፤ 72ኛ ቀን

ሥራ አስኪያጇ ጠሩኝ። «ምንድን ነው የሆነው? ስታስረክቢኝ ለጥ ያለ ነበር።»

«እንጨት እንደ አየሩ ይለዋወጣል» አልኩ። ይህ እውነት ነው።

«ያለ ምክንያት አይነሣም። ከዚያ በኋላ ውሃ ነካው? ሽማግሌው በውሃ ነው የሚያጸዱት?»

«እርጥብ ጨርቅ ይጠቀማሉ» አልኩ። ይህም እውነት ነው።

አንድ ነገር ጻፉ። ምን እንደጻፉ ከተቀመጥኩበት አይታይም። ልጨምር አፌን ስከፍት ስልካቸው ጮኸ። ስልኩ ረጅም ነበር። ወጣሁ።

ጨርቁን ጉንጫቸው ላይ እንደሚያስነኩት ልናገር ነበር። ስልኩ ባይጮኽ እናገር ነበር ይሆናል።

ዓርብ፤ 75ኛ ቀን

ከመጸዳጃ ቤቱ በር ውጭ እንግዳ ተቀባይዋ ለጥበቃው ስትነግረው ሰማሁ።

«ሽማግሌው ባልዲ ሙሉ ውሃ ነው አሉ የሚደፉበት። ልጅቷ ናት አሉ የደረሰችበት።»

«ጋሽ ቀስበሉ? እሳቸው ሰው ሲያስነጥስ ወለሉን የሚያብሱ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። እርጅና ነው።»

ባልዲ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ይህን ደግሜ ደጋግሜ አሰብኩት። አልወጣም።

ረቡዕ፤ 80ኛ ቀን

ሁለት ደብዳቤ እየተተየበ ነው። አንዱ የእኔ ነው፤ ቋሚ። ሌላው የእሳቸው። ከጡረታ በኋላ ሁለት ዓመት በኮንትራት ሊቆዩ ታስቦ ነበር፤ ቀርቷል። ደብዳቤው «በአያያዝ ጉድለት ምክንያት» ይላል። የነገረችኝ እንግዳ ተቀባይዋ ናት፤ የምሥራች እንደምትነግረኝ ሆና።

እንደተለመደው ሲወለውሉ አገኘኋቸው። ጨመቁ። ጉንጫቸው ላይ አስነኩ። እንደገና ጨመቁ።

«ጋሼ፣ ሰምተዋል?»

«ሰማሁ። መሰናበቱስ ይሁን፤ ሰው አርጅቶ ይሰናበታል» አሉ። «ቃሉ ነው። የሠላሳ አንድ ዓመት መዝጊያው ጉድለት ሆነ።»

ጨርቁን ዘርግተው ሰቀሉ። ሆድ ይፍጀው ይላል ሰው፤ የማን ሆድ እንደሚፈጅ ግን አይናገርም።

ዓርብ፤ 82ኛ ቀን

ጋሽ ቀስበሉ ደብዳቤያቸውን ሊቀበሉ ወደ ሰው ኃይል ክፍል ተጠሩ። ማስመሪያቸውና ካርዶቹ ባንኮኒው ላይ ቀርተዋል። ዓርብ ነው። የሚለካ ሰው አልነበረም፤ ለካሁ። አሁን ማስመሪያው መሃል ላይ ያርፍና ጫፎቹ ይንሳፈፋሉ፤ ካርዱ የሚገባው በጫፍ ነው። ሦስት።

የምጽፍበት ስፈልግ ከባንኮኒው ጠርዝ የሚወርድ ክር አየሁ። ክሩ ጫፍ ላይ እርሳስ ታስሯል። ክሩን ተከትዬ ሥሩ ገባሁ።

የባንኮኒው የታችኛው ገጽ በሙሉ ቁጥር ነው። ቀንና ቁጥር፣ ቀንና ቁጥር፣ በረድፍ። ሽማግሌው በየዓርቡ የሚገቡት ጀርባቸውን ሊያሳርፉ አልነበረም።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አሸንዳው ተደፍኖ ያውቃል፤ በጥግ በኩል አለ። 8፣ 8፣ 7፣ 6፣ 6፣ 5 እያለ ይወርዳል። በአሥራ አራተኛው ዓርብ 0። ከጎኑ «በራሱ ተኛ» የሚል ተጽፏል።

የዘንድሮውም አለ። 7፣ 7፣ 6፣ 5፣ 4። ከዚያ «ተፋቀ»። 0፣ 0። «ጀርባ 1»፣ «ጀርባ 2»፣ «ጀርባ 3»።

በየሳምንቱ አንድ ካርድ እየወረደ ነበር። በዚያ አካሄድ ሌላ አራት ሳምንት ቢጠበቅ ኖሮ ይተኛ ነበር ማለት ነው። ማን እንደፋቀው አልተጻፈም።

እዚያው ተንጋልዬ ቆየሁ። እንግዳ ተቀባይዋ እግሬን አይታ «ደግሞ አንቺ እዚያ ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ።

ቅዳሜ፤ 83ኛ ቀን

ኮቱ አለቀ። ገበሩ ሳይቀር ልክክ ብሏል። እናቴ በአፏ መርፌ ይዛ ስለ አንዲት ደንበኛዋ ታወራኛለች። ሴትዮዋ ለሠርግ ቸኩላ የጥጥ ጨርቁን ውሃ ውስጥ ሳትነክሪ ቁረጪልኝ አለቻት።

«ቆረጥሽላት?»

«አልቆረጥኩም። ሌላ ሰፊ ቆረጠላት። ለሠርጉ አምሮባት ነበር። ከታጠበ በኋላ ለታናሽ እህቷ ሆነ።»

ሳቀች። መርፌውን ከአፏ አውጥታ «ምነው ክፍት አለሽ? ትከሻው ጠበበሽ?» አለች።

«ልኬ ነው» አልኳት።

ማታ ወደ 36ኛው ቀን ገጽ ተመለስኩ። በሩም ወለል ነው ብያለሁ። በራሴ እጅ፣ በጥሩ ጽሕፈት። ከገጹ ጀርባ የማላውቀው ሰው ወገብ ተጽፏል፤ 84። እናቴ ያንን ቁጥር 80 ብላ ብትጽፈው ሰውየው አይቀጥንም።

ሰኞ፤ 85ኛ ቀን

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ አስኪያጇን «አዳራሹ ውስጥ የማሳይዎት ነገር አለ» አልኳቸው። ኮቱን ለብሼ ነበር። ደብዳቤዬን ልቀበል የቸኮልኩ መሰላቸው።

ባንኮኒው ጋ ስንደርስ «ከሥሩ ነው» አልኳቸው። ቀሚሳቸውን አዩ፣ ወለሉን አዩ። «አንብቢልኝ» አሉ።

በጀርባዬ ተኝቼ ገባሁና ጮክ ብዬ አነበብኩ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የነበረውን ሙሉውን። ከዚያ የዘንድሮውን። ከሥር ሆኜ የሚታየኝ የሥራ አስኪያጇ ጫማ ብቻ ነው። «ተፋቀ» የሚለው ላይ ስደርስ ጫማው ተንቀሳቀሰ።

«ስለዚህ ሲፋቅም እርጥብ ነበር» አሉ።

«ነበር።»

«ቅጹ ላይ ግን 13 ነው ያልሽኝ።»

«በሩ አጠገብ 13 ነበር። መሃሉ 15፣ መስኮቱ ሥር 16። ሦስቱንም ለክቻለሁ። የሚያስፈቅደውን መርጬ ጻፍኩ።»

ቁጥሮቹን እያየሁ መናገር ይቀላል፤ ስለዚህ ሳልወጣ ቀጠልኩ።

«እርጥብ ጨርቅ ያልኩዎትም፣ ጋሼ ጨርቁን ጨምቀው ጉንጫቸው ላይ ሳያስነኩ ወለል አያስነኩም። ባልዲ የለም። ያን ቀን ይህን አልነገርኩዎትም።»

ሌላ ጫማ መጣ፤ ሰፊ፣ ጎማ ሶል ያለው።

«ልጄ፣ አዲስ ኮትሽን አበላሸሽው እኮ» አሉ ጋሽ ቀስበሉ።

ወጣሁ። እንግዳ ተቀባይዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ ማንም አልደወለም። ሥራ አስኪያጇ ወደ ሽማግሌው ዞሩ።

«ይህን ሁሉ እያወቁ ስለ ባልዲው ሲባል ለምን አልተከራከሩም?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ጨርቅ ስጨምቅ ያየ ሰው ከጠፋ፣ ምን ብዬ ልከራከር?»

ወደ እኔ አላዩም። ማየት አላስፈለጋቸውም።

«ደብዳቤውን ይመልሱልኝ» አሉ ሥራ አስኪያጇ። ጋሽ ቀስበሉ ከደረት ኪሳቸው አወጡት፤ በአራት ታጥፎ ነበር። ከዚያ ሥራ አስኪያጇ ለእኔ፦ «ያንቺም ይቆያል። ቋሚ የሚባል ነገር አሁን የለም።»

«እስከ መቼ?» አልኩ።

ሥራ አስኪያጇ ለመመለስ ሲያስቡ ጋሽ ቀስበሉ ቀደሟቸው።

«ወለሉ እስኪደርቅ» አሉ። «ለእኔ ይተዉልኝ። ማስመሪያ መያዝ ጀምራለች።»

ሥራ አስኪያጇ እሺም እምቢም ሳይሉ ሄዱ። ማታ እናቴ የኮቱን ጀርባ አይታ ምን ነካው አለችኝ። አቧራ አልኳት። ቀጥሎ ሁሉንም ነገርኳት። ኮቱን እያራገፈች አዳመጠች፤ መሐንዲስ መሆኔን ለጎረቤት እንደማታርም ግን ከወዲሁ አስታወቀችኝ።

ዓርብ

ቀን መቁጠር ትቻለሁ።

የሰው ኃይል ክፍል ወረቀት ሰጠኝ፤ ሙከራዬ ተራዝሟል፣ ተቆጣጣሪዬ ጋሽ ቀስበሉ ናቸው። የእሳቸው ኮንትራት ተፈርሟል። እንግዳ ተቀባይዋ ወንበሯ እግር ሥር ካርድ አጥፋ ወትፋለች፤ የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ሌላ ሥራ አገኙ ትላለች።

ወለሉ እንደጎበጠ ነው። መቼ ይፋቃል አልኳቸው።

«ሦስት ዓርብ በተከታታይ አንድ ዓይነት ቁጥር ሲሰጥሽ። ያኔ ውሃው ወጥቷል ማለት ነው። አንድ መፋቅ ይበላል፤ አንድ ይቀረዋል። እሱን የሚነካው ሰው ገና አልተወለደም ብለሽ ያዢው።»

ጠዋት ማስመሪያውን ሰጡኝና እሳቸው መግቢያው ላይ ምንጣፉን ሊያራግፉ ሄዱ። ለካሁ። በሩ አጠገብ ለካሁ፣ መሃል ለካሁ፣ መስኮቱ ሥር ለካሁ። በሩ አጠገብ ጀርባ 2 ነው፤ መሃሉና መስኮቱ ሥር ጀርባ 3። ከባንኮኒው ሥር ገብቼ ሦስቱንም ጻፍኩ፤ እዚያ ሣጥን የለም።

ከእኔ ቁጥሮች በታች ያለው እንጨት ባዶ ነው። በጣቴ ለካሁት። ለብዙ ዓርብ ይበቃል።